ስለ ቢግ ሰር መንገድና ስለ ሦስት ባልንጀሮች ዘፈን

መንገድ የሚሠራ ሰው ሥራዬን ጨረስሁ ብሎ ሊያርፍ አይችልም። የቤት ባለቤት ክዳኑ እስኪያፈስ ድረስ ያለ ሐሳብ ይተኛል፤ መንገድ ግን፥ ይልቁንም በተራራና በባሕር መካከል ተጠርቦ የወጣ እንደ ሆነ፥ ዝናም በመጣ ቍጥር ሠሪውን እንደ ገና ይጠራዋል። ወዳጅነትም ይህንኑ ይመስላል። ለብዙ ዘመን ተዋደው በኖሩ ሰዎች መካከል አንድ ቀን ናዳ ይወርድና መተላለፊያው ይዘጋል፤ ያን ጊዜ እውነተኛው ወዳጅ የሚታወቀው ድንጋዩን ለማንሣት በመምጣቱ ነው።

ለዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ስፍራ የተገናኙበትን ታሪክ መርጠናል። ስፍራው በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ግዛት፥ በሰላማዊ ውቅያኖስ ዳር የሚገኘው ቢግ ሰር ነው። ታሪኩም ሦስት ባልንጀሮች ወደዚያ ባሕር ዳር ሄደው ከተመለሱ በኋላ ስላወጡት «ሮድ ትሪፒን» ስለሚባል ዘፈን ነው፤ ስሙም በመንገድ ለደስታ መጓዝ ማለት ነው። ዘፈኑን በሚገባ ለማስተዋል አስቀድሞ መንገዱን ማወቅ ያስፈልጋልና፥ ከመንገዱ እንጀምራለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው።

ቢግ ሰር የሚለው ስም ግማሹ ከእንግሊዝ፥ ግማሹ ከእስፓኝ ቋንቋ የተገኘ ሲሆን፥ «ታላቁ ደቡብ» ማለት ነው። የቀድሞዎቹ እስፓኛውያን ሞንተሬይ በምትባለው ከተማቸው ተቀምጠው፥ ከእነርሱ በስተ ደቡብ ያለውን እግር የማይደፍረውን አገር እንዲህ ባለ ስም ይጠሩት ነበር። እውነትም አገሩ ለመንገደኛ የማይመች ነው። የሳንታ ሉቺያ ተራሮች ከባሕሩ ውስጥ የወጡ ይመስል ከውኃው ዳር ቀጥ ብለው ይነሣሉ። ኮን ፒክ የተባለው ራስ ከፍታው 1,570 ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከባሕሩ ያለው ርቀት ግን 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንደዚህ ባለው አቀበት ላይ ሜዳ የሚባል ነገር ስለሌለ፥ በዚያ የሰፈሩት ጥቂት ቤተ ሰቦች በፈረስና በበቅሎ መተላለፊያ እየወጡና እየወረዱ፥ ከሩቅ የሚያስፈልጋቸውንም ዕቃ ከመርከብ እየተቀበሉ ለብዙ ዘመን ኖረዋል።

በ1894 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ የተባለች መርከብ ፖይንት ሰር በሚባለው ስፍራ አጠገብ ከዐለት ጋር ተጋጭታ ተሰበረች። በሞንተሬይ አጠገብ የነበሩት ሐኪም ዶክተር ጆን ሮበርትስ ለቍስለኞቹ እንዲደርሱ ተጠሩና፥ በፈረስ በሚሳብ ጋሪ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል በዚያ ክፉ መንገድ ተጕዘው ደረሱ። ዶክተሩ የታመመውን መርዳት ሥራቸው ነበረ፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በከረጢታቸው ተይዞ ሳለ ሰዓቱ በመንገድ ላይ ማለቁ ሐሳባቸውን አልለቀቀውም። ስለዚህ በ1897 ዓ.ም. ከሞንተሬይ እስከ ሳን ሉዊስ ኦቢስፖ ያለውን የባሕር ዳር በእግራቸው ሄደው፥ መንገድ ሊወጣበት የሚችለውን ስፍራ በካርታ ጻፉ። የገመቱትም ወጪ 50,000 ዶላር ነበረ። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ግን ወጪው ከዚህ ግምት ብዙ እጥፍ ሆነ። ያም ቢሆን የመጀመሪያው ሐሳብ የአንድ ሐኪም ሐሳብ እንደ ነበረ አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። ይህ መንገድ በመጀመሪያ የታሰበው ለሽርሽር አልነበረም፤ ሰው ወደ ተጨነቀ ሰው በጊዜው እንዲደርስ ነበረ።

የካሊፎርኒያ ሕዝብ በ1919 ዓ.ም. ለመንገዱ የሚሆን ገንዘብ በብድር እንዲገኝ በድምፁ ከፈቀደ በኋላ ሥራው ተጀመረ፤ የተፈጸመውም በ1937 ዓ.ም. በሰኔ ወር ነው። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ዐለቱ በድማሚት ሲፈርስ፥ ስባሪውም ወደ ባሕር ሲጣል ኖረ። ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ ሳን ኵዌንቲን ከሚባለው ወህኒ ቤት የመጡ እስረኞች ነበሩ። በመንገዱ ዳር በተተከለላቸው ሰፈር ውስጥ እየኖሩ፥ በቀን 35 ሳንቲም ይከፈላቸው ነበረ፤ ከዚህም ጋር ከእስራታቸው ዘመን ይቀነስላቸው ነበረ። እንግዲህ ከእነዚህ ሰዎች እያንዳንዱ ለሌላው የሚያልፍበትን መንገድ ሲጠርብ፥ ለራሱ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ቀን ያቀርብ ነበር። የስማቸው ዝርዝር በድልድዩ ራስ ላይ ተቀርጾ አይታይም፤ በዚያ መንገድ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ግን በእነርሱ ላብ ላይ ያልፋል።

አሁን አንባቢያችንን ይዘን ካርሜል ከምትባለው ትንሽ ከተማ ተነሥተን ወደ ደቡብ እንውረድ። እስከ ሳን ሲሚዮን ድረስ ያለው ርቀት 145 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባሕሩ በቀኛችን ነው፤ ተራራው በግራችን ነው፤ መንገዱም በሁለቱ መካከል አንድ ጊዜ እየወጣ፥ አንድ ጊዜ እየወረደ፥ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ማለዳ የሄደ ሰው ባሕሩን በጉም ተሸፍኖ ያገኘዋል፤ መንገዱ ከጉሙ በላይ በሚወጣበት ስፍራ ሁሉ፥ ከእግር በታች ነጭ የጥጥ ባዘቶ የተነጠፈ ይመስላል።

ከካርሜል 21 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄድን ቢክስቢ የተባለውን ድልድይ እናገኛለን። ይህ ድልድይ በ1932 ዓ.ም. የተፈጸመ፥ ባለ አንድ ቀስት የቤቶን ሥራ ነው። ርዝመቱ 218 ሜትር ሲሆን፥ ከወንዙ በላይ ያለው ከፍታ 80 ሜትር ያህል ነው። ለግንቡ የገባው ሲሚንቶ 45,000 ከረጢት እንደ ነበረ ይነገራል። መሐንዲሶቹ ብረቱን ትተው ቤቶንን የመረጡት የባሕሩ ጨዋማ አየር ብረትን ስለሚበላ ነው። ድልድዩ ሳይሠራ በፊት በዚህ አገር የሚኖር ሰው ወንዙን ለመሻገር በተራራው ውስጥ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይዞር ነበር፤ ያም መንገድ በክረምት ጭቃ ስለሚሆን የማይታለፍበት ጊዜ ብዙ ነበረ። የሚያስደንቀውም ነገር ድልድዩ ከመንገዱ ቀድሞ መፈጸሙ ነው፤ በስተ ደቡብ ያለው ጐዳና ገና ከዐለቱ ሳይወጣ፥ ድልድዩ በገደሉ ላይ ቆሞ ለዓመታት ጠበቀው።

ከድልድዩ ጥቂት አለፍ ብሎ፥ የዶክተር ሮበርትስ ቍስለኞች የነበሩበት ፖይንት ሰር ይታያል። በባሕሩ ዳር ብቻውን የቆመ ታላቅ ዐለት ሲሆን፥ በላዩ በ1889 ዓ.ም. የበራ የመርከበኞች መብራት ቤት አለ። ከዚያም መንገዱ ባሕሩን ትቶ ለጥቂት ጊዜ ወደ ሸለቆ ይገባል። በዚህ ሸለቆ ሬድውድ የሚባሉት፥ በቁመታቸው በዓለም ካሉት ዛፎች ሁሉ የሚበልጡት ወገኖች ይበቅላሉ፤ ቅርፊታቸው ቀላ ያለ ነው፤ ከሥራቸው የቆመ ሰው ጫፋቸውን ለማየት አንገቱን ወደ ኋላ መስበር አለበት። ከሸለቆው ከወጡ በኋላ ማክዌይ የተባለው ፏፏቴ 24 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ገደል ወደ ባሕሩ ዳር ሲወርድ ይታያል። በመጨረሻም ተራራው ዝቅ እያለ ይሄድና፥ የጋዜጣ ባለጸጋ የነበረው ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት በኮረብታ ላይ ያሠራው ቤተ መንግሥት የመሰለ ቤት ወዳለበት ወደ ሳን ሲሚዮን እንደርሳለን።

ይህን ሁሉ ውበት ያየ ሰው ግን አገሩ ጸጥ ያለ መስሎት እንዳይታለል። ውበቱ የተገኘው አገሩ ሳያቋርጥ ስለሚፈርስ ነው። የተራራው ድንጋይ በመሬት መናወጥ ከጥንት የተሰባበረ ነው፤ ማዕበሉ ከሥር ይቈፍረዋል፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት በሚቈየው በዚያ አገር ክረምት ደግሞ ዝናሙ ከላይ ሰርጎ ያርሰዋል። ሰው በመካከሉ መንገድ ሲያወጣ የተራራውን ወገብ ቈርጧልና፥ ተራራው የተቈረጠበትን ለመሙላት ዘወትር ይወርዳል። በ1983 ዓ.ም. ከማክዌይ ፏፏቴ አጠገብ ታላቅ ናዳ ወርዶ መንገዱ ከአንድ ዓመት በላይ ተዘጋ። መንገዱን ለመክፈት ወደ ባሕር የተጣለውን አፈር ማዕበሉ እየገፋ ወደ ባሕረ ሰላጤው ስላመጣው፥ ቀድሞ በቀጥታ ከባሕር ይገባ የነበረው ፏፏቴ ከዚያ ወዲህ በአሸዋ ላይ የሚወርድ ሆነ። ዛሬ መንገደኛ የሚያደንቀው ነጭ አሸዋ ከዚያ ጥፋት የተረፈ ነው።

በዚያው በ1983 ዓ.ም.፥ ከዚህ ባሕር ዳር በስተ ደቡብ በምትገኘው በሎስ አንጀለስ ከተማ፥ በአንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ወጣቶች የሙዚቃ ጓድ አቆሙ። ስሙንም ሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ አሉት፤ በእኛ ቋንቋ ቀይ የሚፋጅ በርበሬ ማለት ነው። ዘፋኙ አንተኒ ኪዲስ ነበረ። ባስ ጊታር የሚመታው፥ ቁንጫ ማለት የሆነውን «ፍሊ» የሚለውን ቅጽል ስም የያዘው ማይክል ባልዛሪ ነበረ። ጊታር የሚመታው ሂልል ስሎቫክ ነበረ። የሚጫወቱትም ፈንክ የተባለውን ሙዚቃ ከሮክ ጋር እያዋሐዱ ነው። ፈንክ በ1960ዎቹ ዓመታት ጄምስ ብራውንን የመሰሉ ጥቁር አሜሪካውያን ያስፋፉት ሙዚቃ ሲሆን፥ ከዜማው ይልቅ ምቱን ያስቀድማል፤ ከበሮና ባስ ጊታር ይመሩታል፤ ሰሚውም ትከሻውን አስሮ መቀመጥ አይሆንለትም። ከዚህ ሙዚቃ ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ የሆነው ጆርጅ ክሊንተን በ1985 ዓ.ም. የወጣውን ሁለተኛ የዘፈን ስብስባቸውን አዘጋጀላቸው።

ነገር ግን በደስታ መካከል ሄሮይን የተባለው አደንዛዥ መርዝ ገባባቸው። ስሎቫክ በ1988 ዓ.ም. በሰኔ ወር በዚሁ መርዝ በሃያ ስድስት ዓመቱ ሞተ። ኪዲስም ራሱ በዚያው ነገር የተያዘ ነበረና፥ ባልንጀራ ባልንጀራውን ለማዳን እጁ አልደረሰም። በሟቹ ስፍራ ጆን ፍሩሻንቴ የተባለ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ገባ፤ ይህ ልጅ የስሎቫክን ጊታር እየሰማ ያደገና ስልቱን ሁሉ በቃሉ የያዘ ነበረ። በ1991 ዓ.ም. ያወጡት የዘፈን ስብስብ ስማቸውን በዓለም አስጠራው፤ ክብሩ ግን ለወጣቱ ከሸክም በላይ ሆነበት። በ1992 ዓ.ም. በጃፓን አገር እየተዘዋወሩ ሲጫወቱ ሳለ፥ ከእንግዲህ ወዲህ አልችልም ብሎ ጥሏቸው ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው የጥቂት ዓመታት ታሪክ የሚያሳዝን ነው። ፍሩሻንቴ ቤቱን ዘግቶ፥ ስሎቫክን የገደለውን ያንኑ መርዝ እየወሰደ ሰውነቱ አለቀ፤ ያዩት ሁሉ የሞቱን ወሬ ይጠብቁ ጀመር። በእርሱና በኪዲስ መካከል ያለው ፍቅርም ጠፍቶ ነበር። የሙዚቃውም ጓድ ሌላ ጊታር መቺ ይዞ ቢሠራም፥ እንደ ቀድሞው ሳይሆንለት ቀረ፤ ለመበተንም ተቃረበ።

በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በካሊፎርኒያ ባሕር ዳር ኃይለኛ ዝናም ወርዶ፥ የቢግ ሰር መንገድ በብዙ ስፍራ ተሰብሮ ለወራት ተዘግቶ ነበር። በዚያው ዓመት ፍሩሻንቴ ወደ ሕክምና ቤት ገብቶ ከመርዙ ለመላቀቅ ታገለ። ከሕክምናውም በኋላ ፍሊ ወደ ቤቱ ሄዶ፥ ተመልሰህ ከእኛ ጋር ብትጫወት ምን ይመስልሃል ብሎ ጠየቀው። ፍሩሻንቴም እያለቀሰ፥ በዓለም ከዚህ የሚበልጥ ደስታ እንደሌለው ነገረው። ኪዲስም ያለፈውን ቂም ተወ። የጊታር መቺው ጣቶች ከልምምድ ማነስ የተነሣ ደክመው ነበርና፥ በፍሊ ቤት በመኪና ማቆሚያው ክፍል ተሰብስበው እንደ ጀማሪ እንደ ገና መለማመድ ጀመሩ።

ከዚህ በኋላ ነው ሦስቱ፥ ኪዲስና ፍሊ ፍሩሻንቴም፥ የከተማውን ሥራና ጫጫታ ትተው በባሕሩ ዳር መንገድ ወደ ቢግ ሰር የሄዱት። የሄዱበትም ምክንያት በማዕበል ላይ በሳንቃ እየተንሸራተቱ ለመጫወት ነበረ። በጉዞው ታላቅ ነገር አልተደረገም። አብረው ተጓዙ፤ አብረው ከውኃ ገቡ፤ አብረው ባሕሩን ተመለከቱ። ነገር ግን ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዱ ለሞት ቀርቦ እንደ ነበረ፥ ሌላም ባልንጀራቸው በዚያው መርዝ እንደ ተቀበረ ያሰበ ሰው፥ ሦስት ሰዎች በአንድ መኪና ተቀምጠው ወደ ባሕር ዳር መሄዳቸው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይረዳዋል።

ዘፈኑ ያን ጉዞ የሚያስታውስ ነው። በ1999 ዓ.ም. በሰኔ ወር «ካሊፎርኒኬሽን» በተባለው ስብስብ ውስጥ ከዐሥራ አምስቱ ዘፈኖች የመጨረሻው ሆኖ ወጣ። ስብስቡም በዓለም ዙሪያ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ጓዱ የታወቀው በኃይለኛ ምት ሆኖ ሳለ፥ በዚህ ዘፈን ውስጥ ከበሮ ከቶ የለም። የሚሰማው ያለ ኤሌክትሪክ የሚመታ ጊታርና ባስ፥ የዘፋኙ ድምፅ፥ ከኋላም የመሰንቆን ጓድ ድምፅ የሚመስል ቻምበርሊን የተባለ የሙዚቃ መሣሪያ ብቻ ነው። ከበሮ መቺው ቻድ ስሚዝ በጉዞው አልነበረም፤ በዘፈኑም የለም። በመድረክ ላይ ሺህ ሕዝብ ሲያስጨፍሩ የኖሩት ሰዎች በዚህ ዘፈን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ ከእሳት ዳር ተቀምጠው እርስ በርሳቸው እንደሚነጋገሩ ሆነው ይሰማሉ። በሕመም የከረመ ሰው ባለበት ቤት ጩኸት እንደማይወደድ ሁሉ፥ ከሞት የተመለሰ ባልንጀራ ያለበትም ዘፈን ከበሮ ባይኖርበት ያምርበታል ብለን እናስባለን።

መንገዱስ ከዚያ ወዲህ እንዴት ሆነ? ተራራው ልማዱን አልተወም። በ2017 ዓ.ም. በየካቲት ወር ፋይፈር በተባለው ሸለቆ ላይ የነበረው ድልድይ መሬቱ ከሥሩ ስለ ተንሸራተተ ተሰነጠቀና እንዲፈርስ ተፈረደበት። ከድልድዩ በስተ ደቡብ የነበሩት ሰዎች እንደ ደሴት ነዋሪ ሆኑ፤ ልጆቻቸውም ወደ ትምህርት ቤት ለመሄድ በጫካው ውስጥ በወጣው ቀጭን የእግር መንገድ ይጓዙ ነበር። አዲሱ ድልድይ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ተከፈተ። ይህ ሳይፈጸም ግን በግንቦት ወር ማድ ክሪክ በተባለው ስፍራ ወደ 4 ሚሊዮን ሜትር ኵብ የሚሆን አፈርና ድንጋይ ወርዶ፥ 400 ሜትር ያህል መንገድ ከነምልክቱ አጠፋው። ሠራተኞቹ አስቀድመው ከስፍራው እንዲርቁ ተደርገው ስለ ነበር የሞተ ሰው አልነበረም። መሐንዲሶቹም በናዳው ላይ አዲስ መንገድ አውጥተው፥ 54 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት፥ በ2018 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ከፈቱት። በ2021፥ በ2023ና በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ሌሎች ናዳዎች ወርደው መንገዱን ዘግተውታል።

የመንግሥትን ገንዘብ የሚቈጣጠር ሰው ይህን ሲሰማ፥ ተራራው ካልፈቀደ መንገዱ ቢቀርስ ምናለበት ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ለመልሱ ግን ዶክተር ሮበርትስ በጋሪያቸው ላይ ሆነው ያሰቡትን ማሰብ ይገባል። መንገድ የሚለካው በላዩ በሚያልፈው መኪና ብዛት ብቻ አይደለም፤ አንድ ቀን ከወዲያኛው ጫፍ የሚጣራ ሰው ቢኖር ለመድረስ በመቻላችንም ይለካል።

ስለ ሰውም ነገሩ እንዲሁ ነው። በሱስ የተያዘ ወንድም፥ በቂም የራቀ ባልንጀራ፥ በኀዘን ቤቱን የዘጋ ዘመድ በየቤተ ሰቡ አለ። ለስሎቫክ ማንም በጊዜው አልደረሰለትም፤ ወደ ፍሩሻንቴ ግን ፍሊ ደጁን አንኳክቶ ገባ። በሁለቱ ጊታር መቺዎች መካከል ያለው ልዩነት የተሰጥዎ ልዩነት አልነበረም፤ የመንገድ መከፈትና አለመከፈት ነበረ እንላለን። እንግዲህ አንባቢዎቻችን ያን ከበሮ የሌለውን ዘፈን አንድ ቀን ቢሰሙ፥ በመካከሉ የሚሰማቸው የጊታር ድምፅ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት የነበረ ድምፅ መሆኑን ያስቡ። በቤታቸውም ለብዙ ጊዜ ያልተጠየቀ ሰው ካለ፥ ክረምት ሳይገባ መንገዱን ይጥረጉለት።